ምላጩ ከመቅረቡ በፊት፦ የእጅ ሳርኮማ ምርመራና ሕክምና ሲዳሰስ

እጅ ላይ የሚወጣ እብጠት ብርቅ አይደለም። በእጅ አንጓ ጀርባ ጉብ የሚል ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ ጣት ላይ የሚበቅል ኪንታሮት፣ እሾህ ከወጋው በኋላ ደድሮ የቀረ ቆዳ፣ በጅማት ሽፋን ላይ የምትንከባለል ጠጣር ነገር፤ አብዛኛው ጉዳት የለውም። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ አይደነግጥም፣ ሐኪሙም አይደነግጥም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ እርጋታ ነው። አልፎ አልፎ ከእነዚህ አንዱ ካንሰር ይሆናል፤ ሲሆንም መልኩ ከጎረቤቶቹ አይለይም። ብዙ ጊዜ አያምም፣ ትኩሳት አያመጣም፣ ምግብ አያስጠላም፣ ሰው አያከሳም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ባለበት ቁጭ ብሎ ይኖራል።

ስለ እጅ ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ካንሰሮች የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። እብጠቱ “ቀላል ነገር ነው” ተብሎ በሎካል ማደንዘዣ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ ይረሳል። ከወራት በኋላ በጠባሳው ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙ የሚታወቀውም ያኔ ነው። በዚህ ዳሰሳ ላሳይ የምፈልገው ይህንኑ ነው፦ የታካሚውን እጅ፣ አንዳንዴም ሕይወቱን፣ ከሁሉ በላይ የሚወስነው መጀመሪያ እብጠቱን ያየውና መጀመሪያ ምላጭ ያነሳው ሰው ነው። ኋላ የሚመጣ ውድ መድኃኒትም ሆነ የተራቀቀ ቀዶ ሕክምና የዚያን ቀን ስህተት ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካንሰር ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የጡትን፣ የማህፀን በርን ወይም የአንጀትን ነው። ሳርኮማ ከእነዚህ ይለያል። የሚነሳው ሰውነትን ከሚደግፉና ከሚያያይዙ ክፍሎች ነው፦ ከስብ፣ ከጡንቻ፣ ከጅማት አካባቢ፣ ከደም ስር፣ ከነርቭ ሽፋን። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩ ካንሰሮች መካከል የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ሳርኮማ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ይህችው አንድ እጅ ደግሞ በዓለም የጤና ድርጅት ምደባ ከ70 በላይ ለሆኑ ዓይነቶች ትከፋፈላለች። አብዛኛው የሚወጣው ጭንና ሆድ ውስጥ ሲሆን ለእጅ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ አንድ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም የእጅ ሳርኮማ ሳያጋጥመው ጡረታ ሊወጣ ይችላል። ያላየውን ነገር እንዲጠረጥር መጠበቅ ከባድ ነው፤ ግን ካልተጠረጠረ አይገኝም።

ለጠቅላላ ሐኪሞች የሚሰጠው የተለመደ መመሪያ ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ወይም እያደገ የሚሄድ፣ ወይም ከቆዳ በታች ጠልቆ የተቀመጠ እብጠት ሳርኮማ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይናቅ ይላል። ለጭን ጥሩ መመሪያ ነው። ለእጅ ግን አይሠራም። ጣት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ነገር ጣቱን ሙሉ በሙሉ ውጦታል ማለት ነው። የእጅ ሳርኮማ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሳለ ነው፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ትንሽ መሆኑ ለሕይወት መልካም ዜና ነው፤ ለእጁ ግን እምብዛም አይረዳውም። በእጅ ውስጥ 27 አጥንቶች፣ በየአንጓው የሚያልፉ ጅማቶች፣ ነርቮችና ደም ስሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ትርፍ ሥጋ የለም። የትንሿ ጣት የጅማት ከረጢት በአብዛኛው ሰው ላይ በመዳፍ በኩል እስከ እጅ አንጓ ድረስ ይዘልቃል፣ የአውራ ጣቱም እንዲሁ። በእነዚህ መንገዶች ውስጥ የገባ ዕጢ፣ ወይም በመጥፎ ቀዶ ሕክምና የተበተነ ደም፣ ከጣት ጫፍ ተነስቶ ክንድ ደጃፍ ይደርሳል።

አብዛኛው እብጠት ምን እንደሆነ በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ከሁሉ የሚበዛው ጋንግሊዮን የሚባለው ከመገጣጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን የሚወጣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በጅማት ሽፋን ላይ የሚያድግ ጠጣር፣ ቢጫና ቡናማ መልክ ያለው ጤናማ ዕጢ ነው። የስብ እብጠት አለ፤ በጥፍር ስር የምትቀመጥ፣ ብርድ ሲነካት እንደ እሳት የምታቃጥል ትንሽ የደም ስር ዕጢም አለች። እነዚህን ለመለየት የሚያስፈልገው ጥሩ ምርመራ ደግሞ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ክፍሉ ጨልሞ የእጅ ባትሪ ከእብጠቱ ጎን ሲለጠፍ ውሃ የቋጠረው ከውስጡ በቀይ ብርሃን ይፈካል፤ ጠጣሩ ብርሃኑን ያፍናል። ታካሚው ጣቱን አጥፎ ሲዘረጋ እብጠቱ አብሮ ከሄደ ከጅማት ጋር መያያዙ ይታወቃል። የጣቱ ጫፍ በቀስታ ተነክቶ ስሜቱ ከሌላው ጣት ካነሰ ነርቭ ተነክቷል። ከዚያ የሐኪሙ እጅ ወደ ክርን ውስጠኛ ጎንና ወደ ብብት ይሄዳል፦ ንፍፊት አለ ወይ? ይህ ሁሉ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ግን ታካሚ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ነው።

በእጅ ላይ ከሚወጡት ሳርኮማዎች ሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆምበት የምፈልገው ኤፒተሎይድ ሳርኮማ በሚባለው ነው። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን የለየው አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ፍራንዝ ኤንዚንገር ነው። በ1970 ባሳተመው ጥናት 62 ታካሚዎችን ሰብስቦ፣ ይህ ዕጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግራኑሎማ ወይም ሌላ ዓይነት ካንሰር መስሎ እንደሚያታልል በርዕሱ ላይ ሳይቀር አስቀመጠ። ግራኑሎማ ማለት እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያሉ ተሕዋስያንን ለመክበብ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚሠሩት ቋጠሮ ነው። ኤፒተሎይድ ሳርኮማም እንዲሁ በቋጠሮ ያድጋል፣ የቋጠሮው መሃል ይሞታል፣ ዙሪያው በሕይወት ይቀራል። ለቸኮለ ዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው።

የሚይዘው ወጣቶችን ነው፤ በብዛት ከ10 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን። የሚወደው ቦታ የጣትና የመዳፍ ውስጠኛ ገጽና ክንድ ነው። ሲጀምር ከቆዳ በታች ያለች የማታምም ጠጣር ፍሬ ትመስላለች። ቆይታ ቆዳውን ትቦረቡራለች፤ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሃሉ የጎደጎደ፣ የማይድን ቁስል ይሆናል። ከዚያ ካንሰሩ የጅማትንና የነርቭን ሽፋን ተከትሎ ወደ ክንድ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ አዳዲስ ፍሬዎችን ይዘራል።

እስቲ ይህን መልክ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ በር ላይ እናቁመው። ከደጋ የመጣ ወጣት እጁ ላይ ጠርዙ የተነሳ የማይድን ቁስል አለው። ባለሙያው መጀመሪያ የሚያስበው ቁንጭርን ነው፤ ልክም ነው፤ በደጋው ኢትዮጵያ ቁንጭር የታወቀ በሽታ ነውና። ካልሆነ የቆዳ ነቀርሳ፣ ካልሆነ የሥጋ ደዌ፣ ካልሆነ ፈንገስ። በክንዱ ላይ ተሰልፈው የወጡ ፍሬዎች ካሉ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ወደ ተላላፊ በሽታ ያደላል። ናሙና ተወስዶ ቢላክና ውጤቱ “ግራኑሎማ፣ መሃሉ የሞተ” ብሎ ቢመጣ ሁሉም ነገር የገጠመ ይመስላል፤ የ6 ወር የነቀርሳ መድኃኒት ይጀመራል። ማንም ከደንብ አልወጣም። ነገር ግን ያ 6 ወር ካንሰሩ ወደ ብብት የሚሄድበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው በክሊኒኩ ነው፦ በትክክል የተወሰደ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምንም ለውጥ ካላመጣ፣ መድኃኒቱን ከመቀየር በፊት የበሽታውን ስም እንደገና መጠየቅ ነው። ሁለተኛው በላብራቶሪው ነው። በኤፒተሎይድ ሳርኮማ ከ10 ታካሚዎች በ9ኙ ገደማ የዕጢው ሕዋስ አይኤንአይ-1 የሚባለውን ፕሮቲን አጥቶ ይገኛል። ናሙናው ለዚህ ፕሮቲን በተዘጋጀ ልዩ ቀለም ሲቀለም ጤናማው ሕዋስ ቡናማ ይሆናል፣ ካንሰሩ ሳይቀለም ይቀራል። በእውነተኛ የነቀርሳ ግራኑሎማ ይህ አይሆንም። ይህን የመሰለ የቀለም ምርመራ በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ነገር ግን የናሙናው የሰም ብሎክ ተጠብቆ ከቆየ ምርመራው ወዳለበት ሊላክ ይችላል። ፓቶሎጂስቱ ጥያቄውን እንዲያነሳ ግን ከሐኪሙ የሚመጣው ወረቀት “እጅ፣ ወጣት፣ ለነቀርሳ መድኃኒት መልስ ያልሰጠ” ብሎ ሊነግረው ይገባል። “ቁስል” ብቻ ተብሎ በተላከ ናሙና ላይ ማንም ተአምር አይሠራም።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፍ። ሲኖቪያል ሳርኮማም የወጣቶች ነው፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ያማል፣ ከሦስት በአንዱ ገደማ በራጅ ላይ ነጭ የካልሲየም ነጠብጣብ ያሳያል፣ መለያውም በሁለት ክሮሞሶሞች መካከል የሚደረግ የክፍል ልውውጥ ነው። ከጅማት ጋር ተጣብቆ የሚያድገው ክሊር ሴል ሳርኮማም አለ፤ ይህንንም በ1965 የገለጸው ያው ኤንዚንገር ነው። በልጆች እጅና ክንድ ላይ ራብዶማዮሳርኮማ ይወጣል፤ በጣም ፈጣን ነው፣ እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ሲያድግ እናት ራሷ ታየዋለች። በጣትና በእጅ ጀርባ ላይ የሚወጣ፣ ወደ ሌላ አካል እምብዛም የማይሄድ ነገር ግን በቦታው ደጋግሞ የሚመለስ ቀስተኛ ዓይነትም አለ፤ እርሱ የሚመስለው የቆየ የጅማት ሽፋን ብግነትን ነው።

በእኛ አገር ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሊያጋጥም የሚችለው ካፖሲ ሳርኮማ ነው። ሐምራዊ ወይም ጥቁር ፍሬዎች በእጅና በእግር ላይ፣ አንዳንዴ ከክንድ እብጠት ጋር። መንስኤው ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ1994 ሲሆን፣ የኤችአይቪ ስርጭት የበሽታውን ቁጥር አብዝቶት ነበር። እዚህ ላይ ምላጭ ብዙ ቦታ የለውም። ናሙና ይወሰዳል፣ ኤችአይቪ ይመረመራል፣ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ይጀመራል፣ ካስፈለገ ኬሞ ይጨመራል። ሳይመረመር ጣት የተቆረጠበት የካፖሲ ታካሚ ሊተርፍለት የሚችል ጣት አጥቷል ማለት ነው። ከሳርኮማ ቤተሰብ ውጭ ቢሆንም የጥፍር ስር ሜላኖማን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም፤ ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ሜላኖማ ሲይዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ስር ነውና። ቦብ ማርሊን በ1981 በ36 ዓመቱ የገደለው ከአውራ የእግር ጣቱ ጥፍር ስር የጀመረ ሜላኖማ ነበር። ከጥፍር አልፎ ወደ ቆዳ የፈሰሰ ጥቁር መስመር የቆየ የምት ምልክት ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም።

“ተመትቼ ነው” የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ ያባክናል። እጁ ያልተመታ ሰው የለም፤ ስለዚህ እብጠት ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ምት አያጣም። ምቱ ዓይንን ወደ ቦታው ይጠራል እንጂ ሳርኮማን አይፈጥርም። ወደ ወጌሻ የሚወስደውም ይኸው ግምት ነው። ወጌሻ የወለቀን በመመለስ የታወቀ ሙያ አለው፤ ነገር ግን ያልታወቀ እብጠትን ማሸት፣ መብጣትና መተኮስ ዕጢውን ያደማል፣ መልኩንም ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ለሚያየው ሐኪም ነገሩን ሁሉ ያወሳስባል።

ምስልን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ራጅ ርካሽ ነው፤ አጥንት መበላቱንና የካልሲየም ነጠብጣብን ያሳያል። አልትራሳውንድ ውሃውን ከጠጣሩ ይለያል፤ በእጅ ላይ ይህ ብቻ ብዙ ሰው ከስጋት ያወጣል። ጠጣር ሆኖ የተገኘና ስሙ ያልታወቀ ነገር ግን ከመቆረጡ በፊት ኤምአርአይ ያስፈልገዋል። “በፊት” የሚለው ቃል ላይ አጥብቄ አሰምራለሁ። ከተቀደደ በኋላ የሚነሳ ኤምአርአይ የሚያሳየው ደም፣ እብጠትና ጠባሳ ነው፤ ካንሰሩ የት እንደነበር ከዚያ ውስጥ ለይቶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ኤምአርአይ ውድ መሆኑ፣ ወረፋውም መርዘሙ እውነት ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ በባትሪና በአልትራሳውንድ ማጣራቱ ዋጋ የሚኖረው፤ ወደ ኤምአርአይ የሚላኩት ጥቂት ይሆናሉ።

አሁን ወደ ምላጩ እንምጣ። በ1982 የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታሉ ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቹ የአጥንትና የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ዕጢ ያለባቸውን 329 ታካሚዎች መዝገብ መርምረው፣ ናሙና አወሳሰዱ ራሱ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰ ቆጠሩ። 4.5 በመቶ የሚሆኑት መቆረጥ ያልነበረበት አካላቸው የተቆረጠው ናሙናው በተበላሸ መንገድ ስለተወሰደ ነበር። ውጤቱ ታትሞ፣ በየጉባኤው ተነግሮ፣ በ1996 ጥናቱ በ597 ታካሚዎች ላይ ተደገመ። ብዙም አልተሻሻለም፤ 18 ሰዎች በዚሁ ምክንያት አካላቸውን አጥተው ተገኙ። ስህተቱም በሁለቱም ጊዜ ጎልቶ የታየው ናሙናው የመጨረሻውን ሕክምና በሚሰጠው ማዕከል ሳይሆን ታካሚውን በላከው ሆስፒታል በተወሰደባቸው ሰዎች ላይ ነበር። ይህ የሆነው ሁሉ በተሟላበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? መርፌም ሆነ ምላጭ ያለፈበት መንገድ ሁሉ በካንሰር ሕዋስ እንደተበከለ ይቆጠራል፤ በመጨረሻው ቀዶ ሕክምናም ከዕጢው ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ስለዚህ መንገዱ አንድ፣ አጭርና ቀጥ ያለ፣ የክንዱንም ርዝመት የተከተለ መሆን ይኖርበታል። በእጅ ጀርባ ላይ ወርዱን ተከትሎ የተሠራ ቅድ ከሁለት ሦስት ጅማት በላይ ያልፋልና ሁሉንም ይበክላል። በጣት ላይ ለሌላ ሕክምና የተለመደው ዚግዛግ ቅድ፣ ለውበትም ለእንቅስቃሴም ጥሩ ቢሆንም፣ ቆዳውን በሰፊው ስለሚገልጥ ለጥርጣሬ ናሙና አይሆንም። ደም ማስቆሚያው ሲታሰር እጁ ወደ ላይ ተነስቶ ደሙ በራሱ እንዲወርድ ይደረጋል እንጂ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይጨመቅም፤ መጨመቁ ዕጢውን ወደ ደም ስር ሊገፋው ይችላል። ደም በደንብ ሳይቆም ከተሰፋ፣ የሚጠራቀመው ደም በጅማት ከረጢቶቹ በኩል ካንሰሩን ይዞ ይጓዛል። የሚሻለው በአልትራሳውንድ እየታየ በወፍራም መርፌ ቁራጭ ሥጋ ማውጣት ነው፤ ለዚያ በጣም ትንሽ ወይም ለነርቭ በጣም ቅርብ ከሆነ በአጭር ቅድ ጥቂት ይወሰዳል። በአገራችን በብዛት የሚሠራው ኤፍኤንኤ በቀጭን መርፌ ሕዋስ ብቻ የሚቀዳ ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ “ይህ ነገር ክፉ ነው” ለማለትም ይረዳል። የሳርኮማውን ዓይነት ለመለየት ግን በአብዛኛው አይበቃም፤ ንጹህ ነው ቢል እንኳ የእብጠቱ መልክ የሚያሰጋ ከሆነ ማመን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ጭራሽ ናሙና ሳይታሰብ እብጠቱን ማውጣት ነው። ሐኪሙ ጋንግሊዮን ነው ብሎ ይከፍታል፣ ጠጣር ያገኛል፣ ፈልቅቆ ያወጣል። ሳርኮማ ሽፋን ያለው ይመስላል፤ ያ ሽፋን ግን ራሱ የካንሰር ሕዋስ ያለበት ነው፣ ስለዚህ በሽፋኑ ዙሪያ የፈለቀቀ ሰው ብዙ ጊዜ የተረፈ ነገር ጥሎ ይወጣል። እንዲህ የወጣላቸው ሰዎች በማዕከል እንደገና ሲከፈቱ ሲሶዎቹ፣ በአንዳንድ ሪፖርት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ዕጢ በቦታው ቀርቶባቸው ይገኛሉ። ሐኪሙ ከፍቶ ያልጠበቀውን ሲያገኝ የሚበጀው ጥቂት ናሙና ወስዶ፣ ደሙን አስቁሞ፣ ሰፍቶ መላክ ነው። ይህን ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል፤ ታካሚው “ይወጣልኝ” ብሎ ነው የተኛው።

ከዚያ ደግሞ የወጣው ሥጋ አለ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ የሚያደርሰው አስታማሚው ራሱ ነው። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ይከፈታል፣ ነርሷ ስሙ በፕላስተር የተጻፈበት ብልቃጥ ታቀብላለች፤ ልጅ ወይም ወንድም በፌስታል ይዞት ይሄዳል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፎርማሊን ቢያንስ የሥጋውን 10 እጥፍ ካልሆነ ሥጋው ከውስጥ ይበሰብሳል። በፎርማሊን ፈንታ ሳላይን ከተጨመረበት ውሎ አድሮ የሚነበብ ነገር አይኖረውም። ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ ከሌለ፣ ወይም “ቀላል ነገር ነው” የሚለው ቃል ቀድሞ ከተነገረ፣ ብልቃጡ ቤት ይቀራል። ከእጅ ላይ የወጣ ማንኛውም ጠጣር ነገር፣ ምንም ያህል የሚያምር ቢመስል፣ ሳይመረመር መጣል የለበትም፤ የዚህ ምርመራ ዋጋም ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ጋር ተደምሮ ታካሚው ሳይለምን መካሄድ ይገባዋል። በእኔ እምነት በዚህ በሽታ ላይ አገራችን ልትወስደው የምትችለው ርካሹና ትልቁ እርምጃ ይህ ነው።

ስለ ሕክምናው የጥንቱ አስተሳሰብ አጭር ነበር፦ መቁረጥ። ይህን የለወጠው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ስቲቨን ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ በ1982 ያሳተሙት ጥናት ነው። የእጅና የእግር ሳርኮማ ያለባቸው 43 ታካሚዎች በዕጣ ተለዩ፤ 16ቱ አካላቸው ተቆረጠ፣ 27ቱ ዕጢው ወጥቶላቸው ጨረር ተሰጣቸው። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የመቆየታቸው መጠን 88 እና 83 በመቶ ነበር፤ በስታቲስቲክስ ልዩነት የሌለው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ልምድ አጽንቶታል። ዛሬ የሚጠየቀው “ይቆረጥ ወይ?” ሳይሆን “ዙሪያውን በጤናማ ሥጋ እንደተከበበ ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል ወይ?” የሚለው ነው።

እጅ ላይ ግን ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ጭን ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጤናማ ሥጋ ይዞ መውጣት ይቻላል፤ ጣት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት ጣቱ በሙሉ ነው። ስለዚህ በጣት ላይ ለወጣ ሳርኮማ ጣቱን ማውጣት፣ ብዙ ጊዜም ከመዳፍ አጥንቱ ጋር አብሮ ማውጣትና ክፍተቱን አቀራርቦ መዝጋት፣ እጁን ለማዳን የሚከፈል ዋጋ ነው። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ጅማቱ ወጥቶ፣ ነርቩ ተቆርጦ፣ በጨረር ደርቆ የቀረ ጣት ለባለቤቱ ሸክም ነው፤ እንጀራ ሲቆርስ ይደናቀፋል፣ ሲነካ አያውቅም፣ ይቃጠላል፣ ይቆስላል። አራት ጣት ያለው የሚታጠፍ እጅ ግን እርፍ ይጨብጣል፣ መወርወሪያ ይወረውራል፣ ስልክ ይነካል። አውራ ጣት ብቻውን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የእጅን ሥራ 40 በመቶ ገደማ የሚሸከም ነውና፣ እርሱን ለማትረፍ ብዙ ይደከማል፤ ካልተቻለም ሌባ ጣትን ወደ ቦታው ማዛወር ወይም የእግር ጣትን መትከል ይቻላል። መዳፍ ወይም የእጅ ጀርባ ላይ ሲሆን ደግሞ የጎደለው ቆዳ ከክንድ ወይም ከጭን በደም ስሩ እንደተያያዘ በሚመጣ ሥጋ ይሸፈናል፣ የጠፋው ጅማትም ከሌላ ቦታ በሚዛወር ጅማት ይተካል። ጅማት ማዛወር ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በ1965 የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን በዚሁ ዘዴ ሲያቃና ኖሯል።

ጨረር ከቀዶ ሕክምና በፊት ይሰጥ ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር በ2002 በታተመ የካናዳ ጥናት በከፊል ተመልሷል። በ190 ታካሚዎች ላይ፣ ቀድሞ 50 ግሬይ ጨረር ከወሰዱት 35 በመቶው የቁስል ችግር ገጠማቸው፤ በኋላ 66 ግሬይ ከወሰዱት 17 በመቶው። በሌላ በኩል የጨረሩ መጠን ሲበዛ ሥጋው እያደር ይደርቃል፣ መገጣጠሚያም ይደድራል። ቁስል ይድናል፣ የደደረ እጅ ግን አይመለስም፤ ስለዚህ በእጅ ላይ ብዙ ሐኪሞች ቀድሞ መስጠቱን ይመርጣሉ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጅማን የመሰሉ ማዕከላት ተጨምረዋል። ወረፋው ግን አሁንም ሐኪሙ ከሚመርጠው ቅደም ተከተል ይልቅ ተራው የሚፈቅደውን እንዲሠራ ያስገድደዋል። ጣቱን ከመዳፍ አጥንቱ ጋር ማውጣት ያለ ጨረር ንጹህ ጠርዝ ሊሰጥ የሚችል ከሆነ፣ ለወራት ወረፋ ከመጠበቅ እርሱ የተሻለ ምርጫ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህ ስሌት ከታካሚው ጋር በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል።

ኬሞ በራብዶማዮሳርኮማ ግዴታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናውም ይቀድማል። በሌሎቹ ጥቅሙ አከራካሪ ነው፤ ዕጢው ትልቅ ወይም የተሰራጨ ሲሆን ዶክሶሩቢሲንና አይፎስፋማይድ ይሰጣሉ። አዲሶቹ መድኃኒቶች በዜና ብዙ ይወደሳሉ። ታዜሜቶስታት በጥር 2020 በአሜሪካ ለተሰራጨ ኤፒተሎይድ ሳርኮማ ተፈቀደ፤ ፈቃዱ በተመሠረተበት የ62 ታካሚዎች ጥናት ዕጢው በግልጽ የቀነሰላቸው 15 በመቶ ነበሩ። በነሐሴ 2024 ደግሞ ለተሰራጨ ሲኖቪያል ሳርኮማ፣ የታካሚውን የራሱን የመከላከያ ሕዋስ አውጥቶ ካንሰሩን እንዲያውቅ አድርጎ የሚመልስ ሕክምና ተፈቀደ። ለሳይንሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሌላ አማራጭ ላጣ ታካሚም ተስፋ ነው። ዋጋቸው ግን ለባለጸጋ አገር እንኳ ከባድ ነው፤ የሚሰጡትም ከዘገየ በኋላ ነው። ገና 2 ሴንቲ ሜትር ሳለ በትክክል የተመረመረ ጣት ከእነዚህ አንዱንም ላያስፈልገው ይችላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ክትትል በእኛ ዘንድ ከሁሉ የተረሳው ምዕራፍ ነው። አብዛኛው ሳርኮማ ሲሰራጭ የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው፤ ስለዚህ የደረት ምርመራ አይቀርም። ኤፒተሎይድ፣ ክሊር ሴልና ራብዶማዮሳርኮማ ግን ከሌሎቹ ሳርኮማዎች በተለየ ንፍፊት ውስጥም ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት በየ3 ወይም 4 ወሩ፣ እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ መታየት ያስፈልጋል። ኤፒተሎይድና ሲኖቪያል ከ10 ዓመት በኋላ ጭምር ስለሚመለሱ “5 ዓመት አለፈ፣ ዳንኩ” ማለት አይቻልም። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ሰው ለዚህ ሁሉ ቀጠሮ አዲስ አበባ ይመላለሳል ብሎ መጠበቅ ግን ራስን ማታለል ነው። በቅርቡ ያለ ጤና ጣቢያ ደረቱን ራጅ ሊያነሳለት ወይም ሊያስነሳለት፣ ጠባሳውን፣ ክርኑንና ብብቱን ሊዳስስ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ስለ በሽታው ስም፣ ስለ ተሠራው ቀዶ ሕክምናና ስለሚፈለገው ነገር በግልጽ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው። ታካሚውም በቤቱ በወር አንድ ቀን ይህንኑ በራሱ እጅ እንዲያደርግ ይማር፤ በጠባሳው ላይ ወይም በክንዱ መንገድ ላይ አዲስ ፍሬ ካገኘ ማንም ሳይነካውና ሳይበጣው፣ የመጀመሪያውን የፓቶሎጂ ውጤት ይዞ፣ ወደ ሠራው ማዕከል ይሂድ።